ዳዋ የዋጠውን መሬት በትራክተር ለማጨድ ዋጋ እንዴት ይተመናል? ከደብረ ብርሃን ዙሪያ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

## መነሻ

በሰሜን ሸዋ የትራክተር እርሻ ዋጋ የታወቀ ነው። በሞረትና ጅሩም ሆነ በምንጃር ሸንኮራ ገበሬው «ሄክታሩን በስንት?» ይላል፤ ባለትራክተሩም ሳያመነታ ይመልሳል። ዳዋ የዋጠውን መሬት አጭዶ ለማጽዳት ግን እንዲህ ያለ የጋራ ዋጋ የለም። ሥራው ሲመጣ ብዙው ሰው የሚያውቀውን የእርሻ ዋጋ አንስቶ ይሰጣል። እዚህ የተመዘገበው ጉዳይ ያ ልማድ አንድን ማኅበር ምን ያህል እንዳስከፈለውና ዋጋው ኋላ በምን መንገድ እንደተስተካከለ ያሳያል። ትራክተር በብድር ገዝተው ኑሯቸውን በእሱ ላይ ለጣሉ ወጣቶች ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሒሳቡ እስከ ታች የተዘረዘረውም ለእነሱ ሲባል ነው።

የሰዎቹም የድርጅቱም ስም አልተጠቀሰም። የብር ዋጋ ዛሬና ነገ አንድ ስላልሆነ ገንዘቡ ሁሉ በናፍጣ ሊትር ተቀምጧል። አንባቢው ቁጥሩን በራሱ ቀን የማደያ ዋጋ ቢያባዛው የብሩን መጠን ያገኛል። ባለትራክተሮችም ዋጋቸውን በዚህ መንገድ ቢይዙት ይበጃቸዋል፤ ናፍጣ በጨመረ ቁጥር ሒሳቡን ከሥር ጀምሮ ከመሥራት ያድናል።

## መሬቱና ተዋዋዮቹ

ሥራውን የወሰደው ከሞረትና ጅሩ በኩል የመጣ አምስት አባላት ያሉት የወጣቶች ማኅበር ነው። ማኅበሩ 75 ፈረስ ጉልበት ያለው፣ ተርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ትራክተር፣ ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻና 1.8 ሜትር ስፋት ያለው ሮታሪ ስላሸር (ትራክተር ኋላ ተገጥሞ ቢላ እያሽከረከረ የሚያጭድ መሣሪያ) አለው። ስላሸሩ የተገዛው ከኮምባይነር በኋላ ማሳው ላይ የሚቀረውን የስንዴ አገዳ ለመክተፍ ነበር። ዳዋ ላይ ገብቶ አያውቅም።

መሬቱ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ የሚገኝ፣ ታጥሮ ግንባታው የተቋረጠ ቦታ ነው። ካርታው ላይ 14 ሄክታር ይላል። ሦስት ክረምት አልፎበታል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከብት አልገባበትም፣ ማጭድ አልነካውም። የግቢው ሥራ አስኪያጅ ቦታው ከጥምቀት በፊት ጸድቶ እንዲታይ ይፈልግ ነበር። ስልክ የደወለው ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ነው።

## የመጀመሪያው ዋጋ

ዋጋው የተሰጠው በስልክ ነበር። «ስንት ሄክታር ነው?» «14።» «ምን አለበት?» «ሣር ነው።» የማኅበሩ አባላት ይህን ይዘው ተመካከሩ። ማረሻ አፈር ይገለብጣል፣ ስላሸር ሣር ብቻ ይቆርጣል፤ ስለዚህ ማጨድ ከማረስ ቢቀል እንጂ አይከብድም አሉ። ለመጀመሪያ እርሻ በሄክታር የሚያስከፍሉት 45 ሊትር የሚያክል ነበር፤ ያንኑ ሰጡ። 14 በ45 ሲባዛ 630 ሊትር ይሆናል። የመሄጃና የመመለሻው ጉዞ በዚሁ ውስጥ ተጠቃለለ። ሄክታሩ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል ብለው 21 ሰዓት፣ ማለትም ሦስት ቀን ያዙ። 189 ሊትር የሚያክል ቀብድ፣ ማለትም 30 በመቶ ተቀበሉ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው የመሬቱ ስፋትና ጠቅላላ ዋጋው ብቻ ነው።

የስህተቱ ሥር እዚህ ነው። የእርሻ ዋጋ በሄክታር ሊቆረጥ የሚቻለው የእርሻ መሬት የታወቀ መሬት ስለሆነ ነው። ድንጋዩ ለዘመናት ተለቅሞ ድንበር ላይ ተከምሯል፤ ጉቶው ተነቅሏል፤ የት እንደሚረጥብ፣ የት ገደል እንዳለ ባለቤቱ ጨለማ ውስጥም ያውቀዋል። አንዱ የጅሩ መረሬ ማሳ ከሌላው ብዙ አይለይም። ዳዋ የዋጠው መሬት ግን ማንም የማያውቀው መሬት ነው፤ ባለቤቱም ጭምር። እዚያ «ሄክታር» የሚለው ቃል ስለ ሥራው መጠን የሚናገረው ትንሽ ነው።

## ሥራው ሜዳ ላይ

ትራክተሩ በራሱ ጎማ ተነድቶ በሦስት ሰዓት ተኩል ደረሰ። በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ይጥላል፤ ሣሩ ጠዋት ርጥብ ስለሚሆን ስላሸሩ ሆድ ሥር እየተለጠፈ ቢላውን ያንቀዋል። ስለዚህ ሥራ የሚጀመረው ከረፋዱ 3 ሰዓት ነበር። እስከ 11 ሰዓት ቢሠራም ምሳና ግሪስ መቀባት ሲቀነስ በቀን የተጣራው 7 ሰዓት ብቻ ነው። ዋጋው ሲሰጥ ይህንንም ያሰበ አልነበረም።

መሬቱ ውስጥ ሲገባ አራት ዓይነት ሆኖ ተገኘ።

ሀ. 6 ሄክታር ያህሉ ሜዳ ነው፤ ጋጃና ሰርዶ ከጉልበት እስከ ወገብ ደርሷል። እዚህ ትራክተሩ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ሄዶ በ9 ሰዓት ጨረሰው። ሄክታሩ አንድ ሰዓት ተኩል ወሰደ፤ ማኅበሩ ያሰበው ልክ ይህን ነበር።

ለ. 4 ሄክታሩ ደረት የሚደርስ፣ የሦስት ዓመት የሞተ ሣር ከሥሩ ተነባብሮ የተኛበት፣ ኮሸሽላና እምቧይ የተጠላለፈበት ነው። ወጣቶቹን ያስደነገጣቸው ይህ ክፍል ነው።

ሐ. 2 ሄክታሩ ቀጋና እንደገና ያቆጠቆጠ የባሕር ዛፍ ጉቶ ነው።

መ. ቀሪው 2 ሄክታር ቦይ፣ ረግረግና የግንባታ ዕቃ ክምር ነው። ትራክተር አይገባበትም። ዋጋው ግን እሱንም ቆጥሮታል፤ ባለቤቱም ይጸዳልኛል ብሎ ይጠብቅ ነበር።

«ለ» ላይ የሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ስላሸሩ በትክክል የሚቆርጠው የትራክተሩ ፒቲኦ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ወደ ስላሸሩ የሚያደርሰው ዘንግ፣ በደቂቃ 540 ዙር ሲዞር ነው። ደብረ ብርሃን ከፍታው ወደ 2,800 ሜትር ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ የ75 ፈረስ ጉልበቱ ትራክተር እዚያ ከሩብ በላይ ቀንሶበት ነው የሚሠራው። ደረት የሚደርሰው ሣር ውስጥ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ሲገባ ጭሱ ጠቆረ፣ ዙሩ ወረደ። ዙሩ ሲወርድ ቢላው ሣሩን መቁረጡን ትቶ መደብደብ ይጀምራል፤ የተደበደበው ሣር ተኝቶ ያልፋል፣ ትራክተሩ ሲያልፍ ቀና ይላል። ዞሮ የሚያይ ሰው ያልታጨደ ነው የሚመስለው። ሾፌሩ መጀመሪያ ስላሸሩን 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር አውርዶ በ5 ኪሎ ሜትር ሁለት ጊዜ ማለፍ ግድ ሆነበት። ሄክታሩ ከ4 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በላይ ፈጀ፤ «ሀ» ላይ ከወሰደው ሦስት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው። መሬቱ አንድ ግቢ፣ ማሽኑ ያው፣ ሾፌሩም ያው ነው።

## ፌሮው

አራተኛው ቀን ላይ «ሀ» አልቆ ነበር፤ «ለ» 3.1 ሄክታር ያህል ተሠርቶ ነበር። ማኅበሩ ቀኑ ስላለፈበት ተጣደፈና ወደ «ሐ» ጠርዝ ገባ። ሁለት ሰዓት እንደሠሩ ሣር ውስጥ ካልታየ የመሠረት ኮንክሪት ላይ አንድ ስንዝር ብቅ ያለ ባለ 12 ፌሮ ስላሸሩን መታው።

ስላሸሩ እንዲህ ላለ ጊዜ መከላከያ አለው። ፒቲኦው ዘንግ ላይ ያለው ሺር ቡሎን ሆን ተብሎ ከለስላሳ ብረት የተሠራ ነው፤ ቢላው ጠንካራ ነገር ሲመታ ቡሎኑ ተቆርጦ ሌላውን ሁሉ ያድናል። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ለመቀየር አሥር ደቂቃ ይበቃል። እዚህ ማሽን ላይ ግን ከዚያ በፊት በነበረው ሥራ ቡሎኑ በተደጋጋሚ ሲቆረጥ አንድ ሰው «እንዳያስቸግር» ብሎ አናቱ ላይ 8.8 የተጻፈበት ጠንካራ ቡሎን ገጥሞ ነበር። ፌሮው ሲመታ ቡሎኑ ጸና፤ ኃይሉ ወደ ላይ ሄደ። ሁለት ቢላ ተጣመመ፣ የዘንጉ ክሮቼራ (መጋጠሚያው) ተሰበረ፣ የስላሸሩ ማርሽ ሣጥን ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ። መለዋወጫውና የጋራዡ ሒሳብ 60 ሊትር የሚያክል ሆነ። ቆመው የዋሉበት አንድ ቀን ተኩል በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

ለስላሳው ቡሎን ደጋግሞ ከተቆረጠ ማሽኑ የሚናገረው ነገር አለ፤ ፍጥነቱ በዝቷል፣ ወይም ቦታው ለስላሸር አይደለም። መልሱ ማርሽ መቀነስ ወይም በመጥረቢያ መግባት ነው። ጠንካራ ቡሎን መግጠም ግን አፉን መዝጋት ነው።

## ንግግሩ

በዚህ ጊዜ የትራክተሩ የሥራ ሰዓት ቆጣሪ ላይ 24.5 ሰዓት ሆኗል። የማኅበሩ ሰብሳቢ ሥራ አስኪያጁን አገኘው። «ጋሼ፣ ይሄ እርሻ አይደለም። በዚህ ዋጋ ከቀጠልን ማሽኑን ሸጠን ነው የምንመለሰው» አለ። ሥራ አስኪያጁ «ልጆቼ፣ እኔ ያለኝን ሄክታር ነገርኳችሁ፣ ዋጋውን የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ። እኔስ ለአለቆቼ ምን ብዬ ልንገር?» ሲል መለሰ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ነገሩ ወደ ክርክር እንዳይሄድ የረዳው፣ ሁለቱም ወገኖች ቁጥር እስኪወጣ ሁለት ቀን ለመታገስ መስማማታቸው ነው። ትራክተሩ ግቢው ውስጥ በጥበቃ ሥር ቆየ፤ ይህም ሁለተኛ ጉዞ አስቀረ።

## የሰዓቱ ወጪ

የማኅበሩ ሒሳብ ያዥ በእርሻ መሣሪያ የካበተ ልምድ ካለው ባለሙያ ጋር ተቀምጦ አንድ የሥራ ሰዓት ምን እንደሚያስወጣ አወጣ፦

- ናፍጣ፦ 8 ሊትር
- ሾፌርና ረዳት፣ ከነአበላቸው፦ 3 ሊትር
- ጥገናና የሚያልቅ ዕቃ (ቢላ፣ ዘይት፣ ግሪስ፣ ጎማ፣ ክሮቼራ)፦ 4 ሊትር
- የትራክተሩና የስላሸሩ እርጅና፣ ከብድሩ ወለድ ጋር፦ 6 ሊትር

ድምሩ 21 ሊትር ነው። ለትርፍና ለሥጋት ሩብ ያህል ሲጨመርበት የሰዓቱ ዋጋ 26 ሊትር ይሆናል። ለጉዞ ሰዓት ሒሳቡ ይለያል፤ ናፍጣው ወደ 5፣ የሚያልቀው ዕቃ ወደ 2 ይወርዳል፣ ሌላው ባለበት ይቆያል፤ በድምሩ 16 ሊትር።

ቀጥሎ ሥራው ምን ያህል ሰዓት እንደሚወስድ መለካት ነበረባቸው። ለዚህ የተጠቀሙበት ዘዴ ማንም ሊሠራበት የሚችል ነው። 100 ሜትር በገመድ ይለካል፤ ትራክተሩ ያንን ርቀት በእውነተኛ የሥራ ሁኔታ እያጨደ ይሄዳል፤ በስልክ ሰዓት ሴኮንዱ ይያዛል። 360ን ለሴኮንዱ ማካፈል ፍጥነቱን በሰዓት ኪሎ ሜትር ይሰጣል። 72 ሴኮንድ ከፈጀ 5 ኪሎ ሜትር፣ 120 ከፈጀ 3፣ 200 ከፈጀ 1.8 ነው። ፍጥነቱን በስላሸሩ ስፋት አባዝቶ ለ10 ማካፈል በሰዓት የሚታጨደውን ሄክታር ይሰጣል፤ ግን ይህ በወረቀት ላይ ነው። መዞሪያው፣ መስመሩ የሚደራረብበት፣ መሰናክል የሚዞርበት ጊዜ መቀነስ አለበት። ንጹሕ ሜዳ ላይ ሦስት አራተኛው፣ የተጠላለፈ ሣር ላይ ሁለት ሦስተኛው፣ ጉቶና ቁጥቋጦ ባለበት ግማሹ ብቻ ነው የሚቀረው። «ሐ» ላይ ሲሠራ፦ 1.8 በ1.8 ሲባዛ 3.24፣ ለ10 ሲካፈል 0.324፣ ግማሹ 0.16 ሄክታር በሰዓት። ሁለቱን ሄክታር ለመጨረስ ከ12 ሰዓት በላይ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲደመር ሥራው 21 ሰዓት ሳይሆን 39 ሰዓት ሆነ። በመጀመሪያው ውል ቢጨርሱት 39 በ21 ሲባዛ 819፣ የ7 ሰዓት ጉዞ 112፣ ስብራቱ 60፣ በድምሩ 991 ሊትር ያወጣሉ። የሚገባው 630 ነው። ኪሳራው 361 ሊትር።

## እንዴት ተስማሙ

በአዲሱ ስሌት ሥራው ከመጀመሪያ ቢዋዋሉት ኖሮ ጉዞው 112 ሊትር፣ «ሀ» በሄክታር 40፣ «ለ» በሄክታር 115፣ «ሐ» ደግሞ ሥጋቱ ስለሚበዛ በሰዓት 30 ሆኖ በድምሩ ወደ 1,190 ሊትር ይጠጋ ነበር። ከተስማሙበት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሊከፍል አይችልም፤ ማኅበሩም ሙሉውን ሊጠይቅ አልፈለገም፣ ሳያዩ ዋጋ የሰጡት እነሱ ናቸውና። የደረሱበት ስምምነት ይህ ነው።

የተሠራው «ሀ» እና የተሠራው የ«ለ» ክፍል በመጀመሪያው ዋጋ ይታሰባል፤ 270 እና 139.5 ሊትር። «ለ» ላይ የደረሰውን ጉድለት ማኅበሩ ይሸከመዋል። ያልተነካው 0.9 ሄክታር በአዲሱ ዋጋ 103.5 ሆነ። «ሐ» ላይ የግቢው የቀን ሠራተኞች በመጥረቢያና በገጀራ ቀድመው ይገባሉ፤ ከአውራ ጣት የወፈረውን ግንድ ሁሉ ከመሬት እኩል ይቆርጣሉ፣ ፌሮና ሽቦውን ይለቅማሉ፤ ትራክተሩ ከዚያ በኋላ በሰዓት ሒሳብ ይሠራል፣ ጣሪያው 8 ሰዓት ነው። «መ» ከውሉ ወጣ። ስብራቱን እኩል ተካፈሉ፤ ፌሮውን ሳያሳውቅ የቀረው ባለቤቱ ነው፣ ጠንካራ ቡሎን የገጠመው ደግሞ ማኅበሩ ነው። ይህ አከፋፈል ፍትሐዊ ነበር ማለት ይቻላል።

«ሐ» በ6.5 ሰዓት አለቀ፤ 195 ሊትር። ግቢው ከጥምቀት በፊት ጸዳ።

## የመጨረሻው ሒሳብና አንድ አደገኛ ነገር

ማኅበሩ በድምሩ 738 ሊትር የሚያክል ገንዘብ ተቀበለ። የሠራው 35 ሰዓት ነው። ሙሉ ወጪው 735፣ ጉዞው 112፣ ስብራቱ 60፣ በድምሩ 907 ነው። ኪሳራው ከ361 ወደ 169 ወረደ እንጂ አልጠፋም።

ገንዘብ ያዡ ግን መጀመሪያ «አተረፍን» ብሎ ነበር፤ ውሸቱንም አልነበረም። ለናፍጣ፣ ለሰው፣ ለዕቃና ለጋራዥ ከእጁ የወጣው 655 ሊትር ብቻ ስለሆነ 83 ሊትር የሚያክል ብር ሣጥኑ ውስጥ ቀርቷል። ያልታየው በየሰዓቱ 6 ሊትር የሚያክለው የማሽኑ እርጅናና የብድሩ ወለድ ነው። ያ ወጪ በዕለቱ እጁን ዘርግቶ ክፈለኝ አይልም፤ ጎማው ሲያልቅ፣ ሞተሩ ሲከፈት፣ የብድሩ ቀን ሲደርስ በአንድ ጊዜ ነው የሚመጣው። ብዙ ማኅበራት ሦስትና አራት ዓመት «እያተረፉ» ሠርተው ማሽኑ ሲቆም ባዶ እጃቸውን የሚቀሩት በዚህ መንገድ ነው። ከዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ የሚወሰድ ቢሆን ይህ ቢሆን እንመርጣለን፦ እርጅናው ደረሰኝ ባይኖረውም በየሥራው ተቀንሶ ለብቻው ይቀመጥ።

## ያልሠሩ ነገሮች

በሰዓት ማስከፈል ጥርጣሬ አመጣ። የግቢው ጥበቃ ሾፌሩ ሆን ብሎ እየተጓተተ እንደሆነ ለሥራ አስኪያጁ ነገረ። መፍትሔው የቆጣሪውን ቁጥር ጠዋትና ማታ በስልክ ፎቶ አንስቶ ሁለቱም እንዲፈርሙበት ማድረግ ሆነ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የቆዩ ትራክተሮች ቆጣሪ የሚቆጥረው የሞተሩን ዙር እንጂ ጊዜውን አይደለም። ትራክተሩ ቆሞ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲዞር ቆጣሪው ይዘገያል፣ በሥራ ዙር ላይ ሲሆን ከሰዓት ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ የእጅ ሰዓትም አብሮ ይመዝገብ።

ሥራ አስኪያጁ በድርድሩ ላይ «ሣሩን ውሰዱትና ዋጋ ቀንሱ» ብሎ ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ በደብረ ብርሃን ዙሪያ የወተት ላም ያለው ሁሉ ድርቆሽ ይፈልጋል። ግን ሦስት ዓመት ቆሞ የደረቀ ሣር ለከብት የሚሆን ነገር የለውም፣ ስላሸር ከኮሸሽላ እሾህ ጋር የከተፈው ደግሞ ይብሳል። ስላሸር ለማጽዳት ነው፤ ድርቆሽ የሚፈልግ ሰው በማጭድ ወይም ሣሩን ሙሉ ቁመቱን ጠብቆ በሚያስተኛ ማጨጃ ነው ማሳጨድ ያለበት።

ስፋቱን በስልክ ጂፒኤስ ዙሪያውን ተጉዞ መለካት ለ14 ሄክታር በቂ ነበር። ስልክ በየነጥቡ ጥቂት ሜትር ስለሚስት ለአንድና ለሁለት ጥማድ ግን አይታመንም፤ እዚያ በ50 ሜትር መለኪያ ነው የሚሻለው። «ጥማድ» ራሱም የሩብ ሄክታር ያህል ነው ይባል እንጂ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ውል ላይ ካሬ ሜትር ይጻፍ።

## ለሌላ ሥራ የሚተርፈው

ዋጋ ከመሰጠቱ በፊት መሬቱ በእግር ይታይ። በመኪና ዞሮ ማየት አይበቃም፣ ፎቶም አይበቃም። ሁለት ሰው በ20 ሜትር ልዩነት ዱላ ይዞ ግቢውን በመስመር ይሂድ፤ ጉቶ፣ ድንጋይ፣ ጉድጓድና ብረት በተገኘበት ሁሉ ከሣሩ በላይ የሚታይ እንጨት ተተክሎ ቀይ ፌስታል ይታሰርበት። ለ14 ሄክታር ግማሽ ቀን ይፈጃል። የግማሽ ቀን ድካም አንድ ክሮቼራ ካዳነ ከበቂ በላይ ተከፍሏል። አጥር አጠገብ፣ የቀድሞ ግንባታ አጠገብና የዛፍ ጥላ ሥር ደግሞ ደጋግሞ መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ብረትና ሽቦ የሚጣለው እዚያ ነው። ሽቦ ዘንጉ ላይ ከተጠመጠመ የዘይት ማገጃውን ቆርጦ ነው የሚወጣው፣ ለማላቀቅም ሰዓታት ይወስዳል።

መሬቱ አንድ ዓይነት ካልሆነ ዋጋውም አንድ አይሁን። ንጹሕ ሜዳ በሄክታር ሊዋዋሉት ይቻላል። የተጠላለፈው በሄክታር ቢሆንም በራሱ ዋጋ ይሁን፤ ጉቶና ቁጥቋጦው በሰዓት፣ ከጣሪያ ጋር። ጣሪያው ባለቤቱን ከሥጋት ያወጣዋል፤ ሰዓቱ ደግሞ ባለትራክተሩን። ቦታው ከአንድ ሄክታር ካነሰ መዞሪያው ብቻ ጊዜውን ስለሚበላው ከግማሽ ቀን ያነሰ ዋጋ መቀበል አያዋጣም።

ከፍታውም ይታሰብ። ያው ትራክተር ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ የሚያሳየው ጉልበት ደብረ ብርሃን ላይ የለም። ቆላ ላይ በተለካ ሰዓት የደጋ ዋጋ መስጠት ሌላ ዓይነት ሳያዩ መዋዋል ነው።

ውሉ ላይ መጻፍ ያለባቸው ነገሮች ብዙ አይደሉም፤ ግን አንዱም መቅረት የለበትም። የጉዞው ዋጋ ለብቻው ይጻፍ። የማጨጃው ከፍታ በሳንቲ ሜትር ይቀመጥ፣ «ጥርግ አድርጎ» የሚለው ቃል ለጠብ በር ይከፍታልና። ሣር ውስጥ ካልታየ ብረትና ሽቦ የሚመጣ ስብራት የማን እንደሆነ፣ በባለቤቱ ምክንያት ትራክተሩ ቆሞ የሚውልበት ቀን ስንት እንደሚከፈልበት፣ 15 በመቶው ቫት በዋጋው ውስጥ መሆን አለመሆኑ ይገለጽ። ቀብዱ ቢያንስ የጉዞውንና የመጀመሪያውን ቀን ናፍጣ የሚሸፍን ይሁን።

ደኅንነት ከዋጋ የተለየ አይደለም። ስላሸር የመታውን ድንጋይ ብዙ አሥር ሜትር ይወረውራል። የፊትና የኋላው ሰንሰለት መጋረጃ ካልተሟላ ሥራ አይጀመር፤ በ100 ሜትር ውስጥ እረኛም ሕፃንም አይቁም፤ ይህን የሚጠብቅ ሰው ደመወዝ ዋጋው ውስጥ ይግባ። ከጥር በኋላ ሣሩ ክው ብሎ ሲደርቅ ቢላው ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ የሚፈናጠቀው እሳት ሜዳውን ሊያቃጥል ይችላል። ሁለት ጀሪካን ውኃና የእሳት ማጥፊያ ትራክተሩ ላይ ይኑር፤ ከሞተሩና ከጭስ ማውጫው ላይ የተከመረው ገለባ በየሁለት ሰዓቱ ይጠረግ።

## በቀጣዩ ጥቅምት

ሥራ አስኪያጁ በዓመቱ መልሶ ደወለ። በዚህ ጊዜ ሁለት የማኅበሩ አባላት ቀድመው መጥተው ከእሱ ጋር ግቢውን በእግር ዞሩ። የ«ለ» ሣር የአንድ ዓመት ብቻ ስለሆነ እንደ «ሀ» በአንድ ጊዜ ማለፍ ይበቃዋል፤ የ«ሐ» ጉቶ ከመሬት እኩል ተቆርጦ ነበር፣ ሄክታሩ 3 ሰዓት ይፈጃል። ሦስቱ ሲደመሩ 9፣ 6 እና 6፣ ማለትም 21 ሰዓት ሆነ። «ሀ» ላይ ያለው ጋጃ ለጋ አበባውን ይዞ ስለነበር የአካባቢው ገበሬዎች በማጭድ አጭደው ድርቆሹን እኩል እንዲካፈሉ ተሰጣቸው። የማኅበሩ የዋጋ ወረቀት ላይ የሰፈረው እንዲህ ነው፦ ጉዞ 112፤ «ሀ» ለድርቆሽ፣ ክፍያ የለም፤ «ለ» እና «ሐ» 12 ሰዓት በ26፣ 312፤ ድምር 424 ሊትር። ከሥሩ ሁለቱም ፈረሙ።